ጎሊና፦ ባሕር የማይደርሰው ወንዝ

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚጓዝ ሰው በበጋ የሮቢትን አካባቢ ሲያልፍ ወንዝ ማየቱን ላያስተውል ይችላል። ዓይኑ የሚያርፈው አሸዋና ጠጠር በሞላው የጎሊና ሰፊ አልጋ ላይ ነው። ጎሊናን የሚያውቁት ግን በውሃው መጠን ብቻ አይለኩትም፤ ተሸክሞ በሚያመጣው ጭነትም ጭምር እንጂ።

ወንዙ የሚነሳው ከሜዳው በስተምዕራብ፣ በጊዳን በኩል ካሉት ደጋማ ተራሮች ነው። እዚያ ከፍታው ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ የቆቦ ሜዳ ግን 1500 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቷል። በአጭር ርቀት ይህን ሁሉ ቁልቁል የሚምዘገዘግ ውሃ ድንጋዩንም አፈሩንም እያግበሰበሰ ይወርዳል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል፦ መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ በመጨረሻም ደለሉን ይጥላል። ዛሬ ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት ጥልቅ አፈር ጎሊና፣ ሆርማትና ሌሎች መሰል ወንዞች በብዙ ሺህ ዓመታት ያከማቹት ነው።

ይኸው ጭነት ጠላትም ይሆናል። አልጋው በጠጠር ሲሞላ ወንዙ ዳሩን ሰብሮ አዲስ መንገድ ያወጣል፤ ማሳም ይዞ ይሄዳል።

የሜዳው ዝናብ አይታመንም። በልጉ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ይወጣል። በሚያዝያ ተዘርቶ እስከ ኅዳር የሚቆየው የአካባቢው ማሽላ በዝናብ ብቻ አይደርስም። ስለዚህ ገበሬው ጎርፍ ይጠልፋል። ክረምት ሳይገባ በደቦ ወጥቶ፣ በድንጋይ፣ በአፈርና በቅርንጫፍ ክትር ሠርቶ የወንዙን ጎርፍ ወደ እናት ቦይ ያዞራል። ከእናት ቦይ ትናንሽ ቦዮች ይቀጥላሉ፤ ተራውን የሚያስጠብቀው የውሃ አባት ነው። ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ በዘነበው ዝናብ የመጣ ጎርፍ በሌሊት ሊደርስ ይችላል፤ ቆይታውም የጥቂት ሰዓት ነው። የተኛ ሰው ማሳው ሳይጠጣ ያድራል። ጎርፉ ሲበረታ ደግሞ ክትሩን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ከጎርፉ ከፊሉ በጠጠሩ ውስጥ ሰርጎ ከመሬት በታች ይጠራቀማል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የቆፈራቸው ጥልቅ ጉድጓዶች የሚስቡት ይህን ክምችት ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ የሚለማውም በእሱ ነው። ፓምፑ የሚያወጣውን የሚተካው በየክረምቱ የሚሰርገው ጎርፍ ነው።

በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ሜዳውን እንደ አጥር ያጥሩታል። ጎሊና በመካከላቸው ባለው ጠባብ በር ሾልኮ ወደ አፋር ይወርዳል። አዋሽንም ቀይ ባሕርንም ሳያገኝ በሞቃቱ ረባዳ ምድር ሰርጎና ተንኖ ያልቃል። እስከዚያው ድረስ ግን የአፋር አርብቶ አደር ከብቶቹን ያጠጣበታል፤ ግጦሹም በጎርፉ ያቆጠቁጣል። በሮቢትና በቆቦ በኩል ብዙ ቦይ በተከፈተበት ዓመት ታች የሚደርሰው ውሃ ያንሳል።