ወደ ባሕር ጥልቅ ስለሚወርዱ ሰዎች

ሰው በየብስ ይኖር ዘንድ ተፈጠረ እንጂ እንደ ዓሣ በውሃ ውስጥ ይኖር ዘንድ አልተፈጠረም። ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ፥ አንዳንዱ ለዕለት እንጀራው፥ አንዳንዱም ዕውቀት ለመፈለግ፥ ወደ ባሕር ውስጥ ከመውረድ አላቋረጠም። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ጠላቂዎች ይባላሉ። ጠላቂን የሚገድለው ብዙ ሰው እንደሚያስበው መስጠም ብቻ አይደለም፤ የሚተነፍሰው አየር ሳይጐድልበት፥ በደኅና ወጣ ከተባለም በኋላ የሚሞት አለ። የዚህን ምክንያት ለማስረዳት በግሪክ አገር በአንቲኪቴራ ደሴት የሆነውን ነገር መተረክ ይበቃል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አንቲኪቴራ በኪቴራና በቀርጤስ ደሴቶች መካከል የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። መርከቡ የተገኘበት ዳርቻዋ ገደል የሆነ ዐለት ነው፤ ገደሉም በውሃው ፊት ላይ አያበቃም፥ ወደ ጥልቁ ይወርዳል እንጂ። በሐምሌና በነሐሴ ከሰሜን የሚነሣ ብርቱ ነፋስ በዚያ ባሕር ላይ ይነፍሳል። ማዕበሉም ዐለቱን መትቶ ሲመለስ ከኋላው ከሚመጣው ማዕበል ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ በገደሉ ሥር ያለው ውሃ ወዲያና ወዲህ ይናወጣል፤ በዚያ የተገኘውንም ሰው ከዐለቱ ጋር ያላትመዋል። የማዕበሉ ኃይል ግን ወደ ታች በተወረደ መጠን እየደከመ ይሄዳል። እንግዲህ ከማዕበል የተነሣ ለጠላቂ የሚያስፈራው ቦታ ጥልቁ ሳይሆን መግቢያውና መውጫው ነው። ከዚህም ሌላ በባሕር ውስጥ እንደ ወንዝ የሚፈስ ውሃ አለ፤ ይህም ጠላቂውን ሳያስበው ከታንኳው አርቆ ይወስደዋል።

በ1900 ዓ.ም. ከሲሚ ደሴት የተነሡ ሰፍነግ ለቃሚዎች ማዕበል አግዷቸው ወደዚህች ደሴት ተጠጉ። አለቃቸው ዲሚትሪዮስ ኮንዶስ ይባል ነበር። ሰፍነግ በወንጌል ስሙ የተጠራው፥ ውሃ የሚመጥጠው ነገር ነው፤ ተክል ይመስላል እንጂ በባሕር ዐለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው። ከጠላቂዎቹም አንዱ ኤልያስ ስታዲያቲስ ከመዳብ የተሠራ የራስ ቍር ደፍቶ፥ ከላይ ሰዎች በቱቦ አየር እየነፉለት፥ 50 ሜትር ያህል ወረደ። ከታችም የሰውና የፈረስ ሬሳ ተከምሮ ያየ መስሎት ደንግጦ ወጣ ይባላል። ነገሩ ቢመረመር ግን ሬሳ አልነበረም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት በሰጠመ መርከብ የተጫነ የነሐስና የእብነ በረድ ሐውልት ነበር።

ከዚህ በኋላ የግሪክ መንግሥት መርከብ አዝዞ፥ እነዚሁ ጠላቂዎች ከኅዳር ወር ጀምሮ እስከ 1901 ዓ.ም. ድረስ ሀብቱን አወጡ። ከወጣውም ዕቃ መካከል ጥርስ ባላቸው የነሐስ መንኰራኵሮች የተሠራ፥ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ የሚቈጥር መሣሪያ ተገኘ። ይህ መሣሪያ የባሕረ ሐሳብ መምህራን ንኡስ ቀመር የሚሉትን የ19 ዓመት ዙር፥ ደግሞም ማዕከላዊ ቀመር የሚሉትን የ76 ዓመት ዙር ያሳይ ነበር። ዛሬ በአቴና ከተማ በብሔራዊው ቤተ መዘክር ይገኛል። ነገር ግን ስለዚህ ሁሉ የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር፤ ከጠላቂዎቹ አንዱ ሞተ፥ ሁለቱም ሽባ ሆነው ቀሩ።

የዚህ ደዌ ምክንያት እንዲህ ነው። በየብስ ሳለን ከበላያችን ያለው አየር ይጫነናል፤ ነገር ግን ለምደነዋልና አይታወቀንም። በባሕር ውስጥ ግን ሰው 10 ሜትር በወረደ ቍጥር ያንኑ የሚያህል ሌላ ጫና ይጨመርበታል፤ ስለዚህ በ50 ሜትር ጥልቀት ጫናው በየብስ ካለው ስድስት እጥፍ ይሆናል። የሚተነፍሰውም አየር በዚሁ ልክ የታመቀ መሆን አለበት። ከአየር ከአምስት እጅ አራቱ እጅ ያህል ናይትሮጅን የሚባለው ነው፤ ይህም በጫና ጊዜ በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ተዘግቶ ሳለ ጥሩ ውሃ ይመስላል፤ ክዳኑ በተነሣ ጊዜ ግን አረፋው ይነሣል። ጠላቂም ፈጥኖ ሲወጣ ጫናው በድንገት ይቀንስና በደሙ ውስጥ አረፋ ይነሣበታል። አረፋውም የደሙን መንገድ ይዘጋል፤ መጋጠሚያውን ያሳምማል፤ ኅብለ ሰረሰሩን የጐዳው እንደ ሆነም እግሩን ሽባ ያደርገዋል።

የሚያሳዝነው ነገር ይህ ምክንያት ቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ፖል ቤር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ደዌው ከናይትሮጅን አረፋ እንደሚመጣ፥ መድኃኒቱም በዝግታ መውጣት እንደ ሆነ በ1878 ዓ.ም. በታተመ መጽሐፉ አስረድቶ ነበር። መጽሐፉ ከታተመ 22 ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ የሲሚ ጠላቂዎች በዚህ ዕውቀት የተመሠረተ የመውጫ ሥርዓት አልነበራቸውም።

ሥርዓቱ በመለኪያ የተወሰነው በ1908 ዓ.ም. ነው። ጆን ሆልዴን የተባለ የብሪታንያ ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ፍየሎችን በተዘጋ የብረት ክፍል አግብቶ፥ ጫናውን እየጨመረና እየቀነሰ መረመረ። የታመመችው ፍየል እግሯን አንሥታ ትቆም ነበርና ደዌው በግልጥ ይታይ ነበር። ከዚህም በኋላ ጠላቂ ጥቂት ወጥቶ እንዲያርፍ፥ ደግሞ ጥቂት ወጥቶ እንዲያርፍ የሚያዝዝ ሠንጠረዥ አወጣ፤ የብሪታንያ ባሕር ኃይልም ተቀበለው። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች ተረት ለጠላቂ የሕይወት ሕግ ሆነ ማለት ነው።

በ1943 ዓ.ም. ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን አዲስ መተንፈሻ ሠሩ። ጠላቂው የታመቀ አየር የተመላበትን የብረት ዕቃ በጀርባው ይሸከማል፤ መሣሪያውም እንደ ጥልቀቱ መጠን አየሩን ይመጥንለታል። በዚህም ከላይ ከሚመጣው ቱቦ ነፃ ወጣ፤ ከጫናው ሕግ ግን ነፃ አልወጣም። ስለዚህ ዛሬም ጠላቂዎች ይህን ይጠብቃሉ። ከመግባታቸው አስቀድመው ነፋሱንና ማዕበሉን ቆመው ይመለከታሉ፤ ማዕበሉ ዐለቱን የሚመታ ከሆነ ይመለሳሉ። ብቻቸውን አይጠልቁም። ሲወጡ ትንፋሻቸውን አይዙም፤ በሳንባ የተያዘ አየር ከ10 ሜትር ጥልቀት እስከ ውሃው ፊት ሲወጣ እጥፍ ይሆናልና ሳንባን ይቀዳል። በአንድ ደቂቃ ከ10 ሜትር በላይ አይወጡም፤ ከውሃው ፊት 5 ሜትር ያህል ሲቀራቸውም ሦስት ደቂቃ ያርፋሉ።

ይህ ነገር የደጋውንም ሰው ይመለከታል። በተራራ ላይ የአየሩ ጫና በባሕር ዳር ካለው ያነሰ ነው። ስለዚህ በጅቡቲ ባሕር የጠለቀ ሰው በዚያው ቀን በአይሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ቢመጣ፥ በሥጋው የቀረው ናይትሮጅን በመንገድ አረፋ ሊሆንበት ይችላል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን መቈየት ይገባዋል።

መምህራን ይህን ለተማሮች ሲያስረዱ አንድ ባዶ ብርጭቆ ደፍተው በባልዲ ውሃ ውስጥ ወደ ታች ይጫኑ፤ አየሩ በውሃው ሲታመቅ በዐይን ይታያል። ከዚያ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ይክፈቱ። ቀጥለውም የሲሚን ጠላቂዎች ታሪክ ይንገሩ፤ ልጆችም በመጽሐፍ ተጽፎ የተቀመጠ ዕውቀት ሠራተኛው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ማንንም እንዳላዳነ ይረዱ።