ያገለገለ ሞተር ለአሮጌ የጭነት መኪና፦ ገንዘብ የሚተርፈው ከግዢው በፊት ነው

የመትን አውራጃ መቀመጫ የሆነችው ጅዴይዴ ከቤይሩት በስተሰሜን ምሥራቅ ከዶራና ከቡሽሪየ ጋር ተያይዛ ትገኛለች። በዚህ አካባቢ ጋራዥ፣ ቶርኖ ቤትና ያገለገለ መለዋወጫ መሸጫ ለነዋሪው እንግዳ አይደሉም። በእነዚህ ስፍራዎች የሚሠሩ፣ ዕቃ በማመላለስ ሥራ የሚተዳደሩ ወይም ከደመወዛቸው ቆጥበው አገር ቤት ላለ ወንድማቸው የመኪና መጠገኛ የሚልኩ አማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ጥያቄ በየጊዜው ይገጥማቸዋል፤ የአሮጌው የጭነት መኪና ሞተር ሥራ ሲያቆም ያገለገለ ሞተር ገዝቶ ማስገጠም ያዋጣል ወይ?

ጥያቄው የቤተሰብ እንጀራ ጥያቄ ነው። በሊባኖስ አንድ ዶላር ለረጅም ዓመታት በ1,507.5 ሊራ ሲመነዘር ቆይቶ፣ ከ2019 መገባደጃ ወዲህ የገንዘቡ ዋጋ ወድቆ ዛሬ በ89,500 ሊራ አካባቢ ይመነዘራል። ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋው የሚቆረጠው በዶላር ነው። ስለዚህ አዲስ መኪና መግዛት ከብዙዎች አቅም በላይ ሆኗል፤ አሮጌውን ማቆየት ደግሞ ግድ ሆኗል። በዚህ ሁኔታ በስህተት የተገዛ አንድ ሞተር የዓመታት ቁጠባን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ሥራውን በቅርብ ለተመለከተ ሰው አንድ እውነት ግልጽ ነው። ርካሽ ሞተር ማለት በዝቅተኛ ዋጋ የተሸጠ ሞተር ማለት አይደለም። በመኪናው ላይ ሌላ ለውጥ ሳያስከትል የሚገጠም፣ ከመገዛቱ በፊት የተፈተሸና ሕጋዊ ወረቀት ያለው ሞተር ነው ርካሹ።

በቅድሚያ በሽታውን ማወቅ

ሞተር «ሞቷል» ከመባሉ በፊት ምን እንደደረሰበት መታወቅ አለበት። ውኃና ዘይት የተቀላቀለበት ሞተር የቴስታታው ጓርኒሲዮን ብቻ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ኃይል ያጣና ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ሞተርም ችግሩ የናፍታ መርጫው ወይም የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሞተር የሚያስለውጡ ጉዳቶች አይደሉም። የሞተሩ ብሎክ ሲሰነጠቅ፣ ዋናው ዘንግ ሲሰበር ወይም ፒስተኖቹና ሲሊንደሮቹ አብረው ሲበላሹ ግን የእድሳቱ ወጪ ከያገለገለ ሞተር ዋጋ ጋር መወዳደር ይጀምራል። ስለዚህ ባለንብረቱ የሁለቱንም ወጪ በጽሑፍ አስቀርቦ ማነጻጸር ይኖርበታል። በእድሳት ሒሳብ ውስጥ የቶርኖ ቤት ክፍያ፣ በለውጥ ሒሳብ ውስጥ ደግሞ የማውረጃና የመስቀያ የእጅ ዋጋ መካተታቸውን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ከተመሳሳዩ ሞተር አለመውጣት

በአነስተኛ በጀት ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ደንብ ከመኪናው ሞተር ጋር አንድ ዓይነት መለያ ያለውን ሞተር መፈለግ ነው። መለያው በሞተሩ ብሎክ ላይ የተቀረጸ ነው። በአይሱዙ ኤንፒአር ላይ ለምሳሌ 4.3 ሊትር የሆነው 4ኤችኤፍ1 እና 4.6 ሊትር የሆነው 4ኤችጂ1 ይገኛሉ። በሚትሱቢሺ ካንተር ላይ ደግሞ 4.2 ሊትሩ 4ዲ33 እና 3.9 ሊትሩ 4ዲ34 ይታወቃሉ። ስማቸው መቀራረቡ ዕቃቸው ሁሉ አንድ ነው ማለት አይደለም።

መለያው አንድ ሲሆንም ልዩነት አለ። አንዱ ሞተር ከ24 ቮልት፣ ሌላው ከ12 ቮልት መኪና የወጣ ከሆነ ሞተሪኖውና ዲናሞው አይለዋወጡም። የዘይት መያዣው ቅርጽ ከፊት አክስል ጋር ሊጋጭ ይችላል። ከካምቢዮው ጋር የሚገናኘው የኋላ ሽፋንና ቮላኖው በመጠን ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ አሮጌው ሞተር ሳይጣል ከአዲሱ አጠገብ ተቀምጦ በሜትር መለካትና መነጻጸር አለበት።

የተለየ ሞተር ለመግጠም የወሰነ ሰው ግን ሞተር ብቻ አይገዛም። የሞተሩን መቀመጫ በብየዳ ያስለውጣል፤ የማስተላለፊያውን ዘንግ ያስቆርጣል ወይም ያስረዝማል፤ ራዲያተር፣ ቱቦ፣ የጭስ መውጫና የኤሌክትሪክ መስመር ያሟላል። እያንዳንዱ ወጪ ትንሽ ይመስላል፤ ሲደመር ግን የሞተሩን ዋጋ ሊያልፍ ይችላል። ኃይሉ ከፍ ያለ ሞተር ከሆነም የመኪናው ፍሬንና ካምቢዮ ለዚያ ኃይል አልተሠሩም። በኮምፒውተር የሚመሩት አዳዲስ የናፍታ ሞተሮች ደግሞ ያለ መቆጣጠሪያ ሣጥናቸው፣ ያለ ሙሉ ሽቦአቸውና ያለ ነዳጅ መርገጫቸው አይሠሩም። ለአሮጌ መኪና በሜካኒካዊ ፓምፕ የሚሠራው ሞተር የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሊባኖስ ቀድማ ያየችው

ሞተር መለወጥ የግል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የአገሪቱ የቅርብ ታሪክ ያሳያል። በ1990ዎቹ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በሊባኖስ በርካታ ታክሲዎች የቤንዚን ሞተራቸው ወጥቶ ያገለገለ የናፍታ ሞተር ተገጥሞላቸው ነበር። ለሾፌሩ የዕለት ወጪው ቀነሰለት፤ የከተማዋ አየር ግን በጭስ ተበከለ። በ2001 የወጣው ሕግ ቁጥር 341 በአነስተኛ የመንገደኛ ተሽከርካሪዎች ላይ የናፍታ ሞተርን ከለከለ፤ ክልከላውም በ2002 ተግባራዊ መሆን ጀመረ። ለሞተር ለውጡ ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ሾፌሮች እንደገና ወደ ቤንዚን ለመመለስ ተገደዱ። የነዳጅ ዓይነት መቀየርን የሚያስብ ማንኛውም ባለንብረት ሕጉ ለተሽከርካሪው ክፍል የሚፈቅደውን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሻጩ ፊት የሚደረግ ፍተሻ

ሞተሩ ገና መኪናው ላይ ሳለ ወይም በማስነሻ ሰገነት ላይ ሲሠራ ማየት ከሁሉ ይሻላል። ገዢው ሲደርስ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። አስቀድሞ የሞቀ ሞተር በቀላሉ ስለሚነሳ ድካሙን ይደብቃል።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዘይቱ ይታያል። እንደ ወተት የነጣ ዘይት ውኃ መግባቱን፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ደግሞ የውስጥ መበላትን ያመለክታል። ሞተሩ ሲነሳ የዘይት መሙያው ክዳን ይከፈታል፤ ከዚያ ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ የፒስተኖቹ ፋሻ ደክሟል። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይትን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከታየ ያልተቃጠለ ናፍታ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውኃ መኖሩ ይጠረጠራል። በራዲያተሩ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚወጣ አረፋም የቴስታታ ወይም የጓርኒሲዮን ጉዳት ምልክት ነው። የሞቀን ራዲያተር መክፈት ግን ከባድ ቃጠሎ ስለሚያደርስ ይህ የሚታየው ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ነው።

ከሁሉ የሚታመነው የእያንዳንዱን ሲሊንደር የመጭመቅ ግፊት መለካት ነው። ትክክለኛው ቁጥር እንደ አምራቹ ይለያያል። ነገር ግን አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ጉልህ በሆነ መጠን ዝቅ ካለ ሞተሩ ሚዛኑን አጥቷል። ሻጩ ልኬቱን ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይሻላል። አገር ቤት ለሚያስለኩም አንድ ነገር መታወስ አለበት፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ጤነኛ ሞተርም በባሕር ዳርቻ ካለው ያነሰ ቁጥር ያሳያል።

አንድ ዕቃ፣ ሁለት ስም

አማርኛ ተናጋሪው የጋራዥ ቃላቱን በአብዛኛው ከጣልያንኛ፣ የሊባኖሱ መካኒክ ደግሞ ብዙውን ከፈረንሳይኛ ስለወረሱ አለመግባባት ይፈጠራል። «ቴስታታ» በሊባኖስ «ኩላስ» ነው፤ «ፍሪሲዮን» «ደብርያጅ»፣ «ካምቢዮ» «ቪታስ»፣ «ማርሚታ» «አሽክማን» ይባላል። ናፍታ «ማዙት» ነው፤ ያገለገለ መለዋወጫ ደግሞ «ከስር» ይባላል። ከሁሉ የሚያሳስተው «ማርሽ» ነው። በአማርኛ የካምቢዮ ጥርስ ሲሆን በሊባኖስ ሞተሪኖ ማለት ነው። «ማርሹ ተበላሽቷል» የተባለ ሰው ካምቢዮ ለማስወረድ ከመስማማቱ በፊት ዕቃውን በጣት ቢያስነካ ከአላስፈላጊ ወጪ ይድናል።

ሞተሩ ውጭ ሳለ የሚለወጡ

ሞተሩ ከተሰቀለ በኋላ ለመድረስ የሚያስቸግሩ ርካሽ ዕቃዎች ከመስቀሉ በፊት ይለወጣሉ። ከእነዚህም የኋላው ዘይት መከልከያ ላስቲክ፣ የፍሪሲዮን ዲስክና ኩሽኔታ፣ የውኃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት፣ ቺንጋ፣ የሞተር ማቀፊያ ላስቲኮች፣ ማጣሪያዎችና ዘይት ይገኙበታል። ራዲያተሩም ይታጠባል። እነዚህን ለመቆጠብ ሲባል መተው በሁለተኛው ወር ሞተሩን እንደገና ማስወረድን ሊያስከትል ይችላል። ያኔ የእጅ ዋጋው ሁለት ጊዜ ይከፈላል። በመሆኑም ገዢው ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለሞተሩ ማዋል የለበትም። ቢያንስ ሲሶውን ለእነዚህ ዕቃዎችና ላልታሰበ ወጪ ማስቀረት ብልህነት ነው።

ወረቀቱ የሞተሩ ግማሽ ነው

በሊባኖስ የተሽከርካሪ ፈቃድ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ይሰፍራሉ። አገር ቤት ባለው ሊብሬ ላይም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ሲለወጥ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ለውጡ በሕዝቡ ዘንድ «ናፍዓ» እየተባለ በሚጠራው የተሽከርካሪዎች አስተዳደር ባለሥልጣን ዘንድ መመዝገብ አለበት። የሚጠየቁትን ሰነዶችና ክፍያዎች ሞተሩን ከመግዛት በፊት በቢሮው መጠየቅ ይገባል።

ከሻጩ የሚወሰደው ደረሰኝ የሞተሩን መለያና ሙሉ ቁጥር፣ ቀኑን፣ የተከፈለውን ገንዘብና የሻጩን ስም መያዝ አለበት። ሞተሩ ከውጭ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ሰነዱ ቅጂ ይጠየቃል። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ሞተር በምንም ዋጋ አይገዛም፤ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ገዢውን በሕግ ያስጠይቃል። ለውጭ አገር ሠራተኛ ደግሞ እንዲህ ያለው ጣጣ ከገንዘብ ኪሳራ አልፎ የመኖሪያ ፈቃዱን ጉዳይ ሊነካ ይችላል። የሙከራ ቀናትና የመመለስ መብትም በቃል ብቻ ሳይሆን በዚያው ደረሰኝ ላይ ቢጻፍ ይመረጣል። መኪናው በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ከሆነ፣ ለሞተሩ ገንዘብ ያዋጣው ሰው ድርሻውን በፊርማ ማስያዝ ይኖርበታል። በዘመድ መካከል ቢሆንም ጽሑፉ ዝምድናን ይጠብቃል እንጂ አይጎዳም።

የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች

የተገጠመ ሞተር ወዲያውኑ ሙሉ ጭነት አይጫንበትም። በመጀመሪያ ባዶውን በሜዳ መንገድ ይሄዳል፤ ከዚያም ሲቀዘቅዝ የዘይቱና የውኃው መጠን፣ የብሎኖቹ ጥብቀትና የሚያፈስ ቦታ ይታያል። ቀጥሎ በግማሽ ጭነት ይሞከራል። ከቤይሩት ወደ በቃዕ ሸለቆ የሚወስደው መንገድ በዳህር ኤል ባይዳር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ለማቀዝቀዣው ትልቅ ፈተና ነው። የሙቀት መለኪያው በዳገቱ ላይ ከፍ ማለት ከጀመረ መኪናውን ዳር አቁሞ ማብረድ እንጂ «እስከ ጫፉ ልድረስ» ማለት አይገባም። አንድ ጊዜ ከልክ በላይ የጋለ ሞተር ቴስታታው ሊጣመም ይችላል፤ በብዙ ድካም የተገዛው ሞተርም ተመልሶ ጋራዥ ይገባል።