በአንድ ሰው ልቡና ውስጥ ስላሉት ብዙ ወገኖች፤ ተረትና እውነታ

የሰው ልቡና አንድ ወጥ ነው፣ በውስጡ ልዩ ልዩ ድምፅ የሚከራከርበት ሰውም ወይ አእምሮው ታውኳል ወይ ርኩስ መንፈስ አድሮበታል የሚለው እምነት በብዙዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ስለ ሆነ፣ ሕሙሙን ከተቆጣውና ከፈራው የልቡናው ወገን ጋራ እያነጋገረ የሚያክም ባለሙያ መኖሩ ሲነገር፣ ሰሚው መጀመሪያ መደንገጡ፣ ቀጥሎም መጠርጠሩ አይቀርም። ነገር ግን ‹‹አንድ ልቤ ሂድ ይለኛል፣ አንድ ልቤ ቅር ይለኛል›› ሳይል የኖረ ጤነኛ ሰው ከቶ የት ይገኛል? ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በሰባተኛው ምዕራፍ የገለጸው ውስጣዊ ውጊያ፣ የላቲኑ ሊቅ አውግስጢኖስም በኑዛዜ መጽሐፉ ስለ ሁለት ፈቃዶች የጻፈው ሁሉ ይህንኑ የሰው ባሕርይ የሚመለከት ነው። ማንነት ተከፋፍሎ አንዱ የሠራውን ሌላው የማያስታውስበት ሕማም በርግጥ አለ፤ ያ ግን ራሱን የቻለ ደዌ ነው እንጂ በሁላችን ዘንድ ያለው የዘወትሩ የልቡና ክርክር አይደለም።

ሁለተኛውና ከሁሉ የከፋው ተረት፣ ክፉው ወገን ተቀጥቅጦ ካልወጣ ፈውስ የለም የሚለው ነው። ‹‹የውስጥ ቤተሰብ ሥርዐት›› የተባለውን ሕክምና ያቋቋመው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሽዋርትስ ራሱ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያለ መጠን በልተው ኋላ ራሳቸውን የሚያስታውኩ ወጣቶችን በቺካጎ ሲያክም፣ በዚሁ አስተሳሰብ ይመራ እንደ ነበር ተርኳል። ሰውነቷን በስለት ትቆርጥ የነበረችን አንዲት ሕምምት፣ የሚያስቆርጣትን ወገን እርሱም እርሷም ተባብረው ሲጨቀጭቁት ቆይተው፣ ያን ሳምንት እንዳይነካት ቃል ካስገቡት በኋላ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ፊቷ ላይ ታላቅ ቍስል ይዛ መጣች። በዚህ ጊዜ ሽዋርትስ ትግሉን ትቶ፣ ስለ ምን እንዲህ እንደሚያደርግ ያንኑ ወገን በትሕትና ቢጠይቀው፣ በልጅነቷ ግፍ ሲፈጸምባት ስቃዩ እንዳይሰማት ያርቃት የነበረ፣ ቍጣዋም ወጥቶ የባሰ መከራ እንዳያመጣባት ያፍን የነበረ ጠባቂ መሆኑን ከአፏ ሰማ። ግፉ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር፤ ጠባቂው ግን ጦርነቱ ማለቁን የነገረው ሰው እንደሌለ ዘብ በቦታው ቆሞ ቀርቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የተደራጀው ትምህርት በ1995 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ የወጣ ሲሆን፣ የልቡናን ወገኖች በሦስት ይመድባቸዋል። ኀፍረትንና ፍርሀትን ተሸክመው በልጅነት ዕድሜ የቀሩት ‹‹ግዞተኞች››፣ ሕማሙ እንዳይቀሰቀስ በትችትና በጥንቃቄ ኑሮን የሚገዙት ‹‹አስተዳዳሪዎች››፣ ተቀስቅሶ ሲገኝም በመጠጥ፣ በመብል ወይም በቍጣ ሊያዳፍኑት የሚሮጡት ‹‹እሳት አጥፊዎች›› ይባላሉ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን በጸጥታና በርኅራኄ ሊያደምጣቸው የሚችል ‹‹እኔነት›› በማንኛውም ሰው ዘንድ አለ ይላል። ሐኪሙ ግዞተኛውን ለማየት የሚሻው ጠባቂዎቹ ከፈቀዱ በኋላ ነው፤ ደጁን ሰብሮ የሚገባ ሐኪም ሥርዐቱን አልተማረም ማለት ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ፈውስ የሚገኘው የተረሳ ግፍን ከልቡና ጓዳ ቈፍሮ በማውጣት ነው ይላሉ። ይህ አደገኛ ነው። የሥነ ልቡና ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ሎፍተስ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ከ24 ሰዎች ሩብ ያህሉ፣ በልጅነታቸው ገበያ ውስጥ ጠፍተው እንደ ነበር የሚገልጽ የፈጠራ ታሪክ ከቀረበላቸው በኋላ፣ በሙሉም ሆነ በከፊል የራሳቸው ትዝታ አድርገው ተቀብለውታል። እንግዲህ ‹‹ይህ ደርሶብሃል፣ አስታውስ›› እያለ የሚያግባባ ሐኪም ያልነበረን ቍስል ሊፈጥር ይችላልና፣ ከእንደዚህ ያለው መራቅ ይገባል።

ሕክምናው ፍጹም የተረጋገጠ ነው ማለትም ከእውነት ያልፋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የመገጣጠሚያ ቍርጥማት ያለባቸውን 79 ሰዎች በሁለት ከፍሎ፣ ለዘጠኝ ወር በዚህ መንገድ የተረዱት የሕመም ስሜታቸው ቀለል እንዳለላቸው፣ ለራሳቸውም ርኅራኄ እንደ ጨመሩ አሳይቷል። የልጅነት ግፍ ባቈሰላቸው 17 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ተስፋ ቢሰጥም፣ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። እኔ በዚህ ሕክምና እጅግ የምወደው፣ የሰውን ልጅ ከነቍስሉ የሚያከብር መሆኑን ነው፤ ይሁን እንጂ ለማስረጃው ከመጠኑ በላይ ክብር መስጠት ሕሙማንን መበደል ይሆናል።

ስለዚህ ይህን መንገድ የምትሻ ወንድሜ ወይም እኅቴ ሆይ፣ የሐኪምህን ወይም የሐኪምሽን ትምህርትና ፈቃድ አስቀድመህ ጠይቅ፣ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ የታዘዘ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ምክር አይቋረጥ፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣበት ሰው ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ።