ውኃው በ94 ዲግሪ ሲፈላ፦ የመምህራን የተግባር ሥልጠና በምዕራብ ጎጃም

በ1997 የትምህርት ዘመን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጭ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ሥርጭቱ ሰዓቱን ጠብቆ የሚያልፍ በመሆኑ መምህሩ ሊያቆመውም ሆነ ሊያስደግመው አይችልም ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ቴሌቪዥኑ ስለሚወስደው ለመምህሩ የሚተርፈው መግቢያውና ማጠቃለያው ብቻ ነበር። መሣሪያው ወደ ክፍል ሲገባ መምህሩ ተመልካች ሆነ።

በዚያው ዓመት (እ.ኤ.አ. 2005) በጣሊያን፣ በኢቭሪያ ከተማ፣ ተማሪዎች በርካሽ ዋጋ እንዲለማመዱበት አርዱዊኖ የተባለ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተሠራ። ይህ መሣሪያ የሚፈታ፣ የሚገጠምና በተጠቃሚው ፈቃድ የሚታዘዝ ነው። ይህ ጽሑፍ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር ለሚያስተምሩ መምህራን በዚህ ሰሌዳ የተግባር ሥልጠና እንዴት ሊሰጥ እንደሚችል ያብራራል።

ሥልጠናው በጥያቄ ይጀመር

ሥልጠናን በመሣሪያው ክፍሎች ስም መጀመር ሠልጣኙን ያደክማል። ከዚያ ይልቅ በከሰል ምድጃ ላይ ውኃ ጥዶ «በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የብዙዎች መልስ 100 ይሆናል፤ ሲለካ ግን 94 ገደማ ይገኛል።

ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። ፈሳሽ የሚፈላው የትነት ግፊቱ ከከባቢው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛውን ያህል ነው። በግምት ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍያው ነጥብ በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። በምሥራቅ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በጮቄ ተራራ ጫፍ ውኃ ከ87 ዲግሪ በታች ይፈላል።

ብልሽቱም ትምህርት ነው

ለመለኪያነት ዲኤስ18ቢ20 የተባለው ውኃ የማያስገባ የሙቀት ሴንሰር ተስማሚ ነው። ሦስት ሽቦዎች ያሉት ሲሆን አንዱ ለኃይል፣ አንዱ ለመሬት፣ አንዱ ለመረጃ ነው። በኃይሉና በመረጃው ሽቦ መካከል የ4.7 ኪሎ ኦም ተቃዋሚ ይገባል። ሦስት ሦስት መምህራን አንድ ሰሌዳ ቢደርሳቸው የሁሉም እጅ ሥራ ያገኛል።

መለኪያው ከተሠራ በኋላ አሠልጣኙ ሆን ብሎ አንድ ሽቦ ያላቅ። በተለመደው ፕሮግራም ሴንሰሩ ሲላቀቅ −127 የሚል ቁጥር ይታያል። ይህ የውኃው ሙቀት ሳይሆን «ሴንሰሩ አልተገኘም» የሚል መልእክት ነው። ይህን ያየና ሽቦውን ራሱ መልሶ የገጠመ መምህር ወደ ገጠር ትምህርት ቤቱ ሲመለስ በትንሽ ብልሽት መሣሪያውን ቁም ሣጥን ውስጥ አይቆልፍበትም።

ቁጥሩን ከማመን በፊት መመርመርም ይገባል። ሴንሰሩ የበረዶና የውኃ ድብልቅ ውስጥ ሲነከር ወደ 0 መጠጋት አለበት፤ ሲለካም የድስቱን ታች መንካት የለበትም። ቡሬ ከፍኖተ ሰላም 200 ሜትር ያህል ብትበልጥም የመፍያ ነጥባቸው ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሴንሰሩ በዚህ ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ሊሳሳት ስለሚችል ሁለቱን ከተሞች ለማወዳደር በሁለቱም ቦታ ያንኑ ሴንሰር መጠቀም፣ መለኪያውንም ደጋግሞ መውሰድ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ሠልጣኝ ይህንኑ ትምህርት በባልደረቦቹ ፊት ያስተምር። «መጽሐፉ 100 ይላል፤ የእኛ ለምን 94 ሆነ?» የሚል ተማሪ ሲነሣ መምህሩ ትምህርቱን አቁሞ፣ ድስቱን መልሶ ጥዶ፣ አብሮ ሊለካ ይችላል። ሥልጠናው ግቡን መምታቱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።