ባለቤት በሌለው ገንዘብ ላይ ማን ይወስናል?

በቶሮንቶ መሀል ከተማ፣ ስፓዳይና ጎዳና ቁጥር 64 ላይ፣ በ2014 መጀመሪያ አንድ የመሰብሰቢያ ቤት ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤቱን የከፈተው አንቶኒ ዲ ዮሪዮ የተባለ የከተማዋ ነጋዴ ነው። ዲ ዮሪዮ ከ2012 ጀምሮ የቢትኮይን ወዳጆችን እየጠራ ያሰባስብ ነበር። ከሚመጡት መካከል ቪታሊክ ቡተሪን አንዱ ነበር፤ ሩሲያ ተወልዶ በስድስት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ካናዳ የገባ፣ ቶሮንቶ የተማረ፣ የቢትኮይንን ወሬ በ2011 ከአባቱ የሰማ ወጣት። በ2013 መጨረሻ፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ኢቴሪየም ያለውን አዲስ መረብ ሐሳብ ጽፎ ለወዳጆቹ በተነ።

ኢቴሪየም ዛሬ ከቢትኮይን ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ትልቅ የክሪፕቶ መረብ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጅ የለውም፤ የባለአክሲዮኖች ጉባኤም አያውቅም። ታዲያ ደንቡ መለወጥ ሲኖርበት የሚወስነው ማነው? ጥያቄው አሥር ዓመት አልፎታል። «ማንም አይወስንም» የሚለው የአድናቂዎቹ መልስ ደስ ቢያሰኝም እውነት አይደለም። የሚወስኑ ሰዎች አሉ፤ ማን እንደሆኑና ሥልጣናቸው የት እንደሚያበቃ ማወቅ ደግሞ ገንዘቡን እዚያ ላስቀመጠ ሁሉ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ትልቅ ውሳኔ የተወሰነው በድምፅ ብልጫ አልነበረም። በጁን 2014 ስምንቱ መሥራቾች ስዊዘርላንድ፣ ዙግ ከተማ ተገናኙ። ከመካከላቸው ኢቴሪየም ትርፍ የሚያስገኝ ኩባንያ እንዲሆን የፈለጉ ነበሩ። ቡተሪን ግን ለትርፍ ያልቆመ ይሁን አለ፤ ቻርልስ ሆስኪንሰንና አሚር ቼትሪትም ከቡድኑ ወጡ። ከዚያ ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ ከጁላይ 22 ጀምሮ ለ42 ቀናት በተካሄደ ሽያጭ 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ቢትኮይን ተሰበሰበ። መረቡ ሥራ የጀመረው በጁላይ 30 ቀን 2015 ነው። ኢቴሪየም ባለቤት እንዳይኖረው የወሰነው፣ እንግዲህ፣ አንድ የ20 ዓመት ወጣት ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ሌላ መልክ ያዘ። ለውጥ የሚፈልግ ማንኛውም ሰው የማሻሻያ ሐሳብ ይጽፋል፤ ሐሳቡም ቁጥር ይሰጠዋል። አርታኢዎቹ የሚያዩት አጻጻፉ በሥርዓት መሆኑን እንጂ ሐሳቡ መልካም ይሁን መጥፎ አይደለም። ቀጥሎ ፕሮግራመሮቹ በኢንተርኔት በሚያደርጉት ስብሰባ ይከራከሩበታል። ስብሰባው ለሁሉም ይተላለፋል፤ ይቀረጻልም። ለብዙ ዓመታት መድረኩን የመራው ሀድሰን ጄምሰን ነበር፤ በኋላ ካናዳዊው ቲም ቤይኮ ተረከበው። እጅ ተቆጥሮ የሚያልፍ ነገር የለም፤ ጠንካራ ተቃውሞ ከሌለ ሐሳቡ ወደፊት ይሄዳል። ሶፍትዌሩን የሚጽፉት ቡድኖች የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ ብቻውን ምንም አይፈጽምም። ጽፈው ከጨረሱ በኋላም በየአገሩ ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ የኮምፒውተር ባለቤቶች አዲሱን ሶፍትዌር መጫን ወይም አለመጫን መብታቸው ነው።

የቶሮንቶ ዳንፎርዝ አካባቢ ሐበሻ ይህን ከዕድሩ ጋር ቢያስተያየው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል። ዕድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ከስብሰባ የቀረ ይቀጣል። ኢቴሪየም ውስጥ የቀረ አይቀጣም፤ ግን ውሳኔው ያለ እሱ ይወሰናል። ሥልጣኑ ያለው ጊዜ፣ የቴክኒክ ዕውቀትና እንግሊዝኛ ባላቸው ሰዎች እጅ ነው።

ይህ አሠራር ክፉኛ የተፈተነው በ2016 ነው። በኤፕሪል መጨረሻ «ዘ ዳኦ» የተባለ የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጅ የሌለው፣ አባላቱ በድምፅ ገንዘቡን የሚያዙበት ፈንድ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች 12 ሚሊዮን ገደማ ኢተር (የኢቴሪየም መገበያያ ገንዘብ) አስገቡበት፤ በጊዜው ዋጋ 150 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ኮዱ ግን ቀዳዳ ነበረው፤ ገንዘብ ለጠያቂው ከከፈለ በኋላ ነበር ሂሳቡን የሚቀንሰው። በጁን 17 አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሂሳቡ ሳይቀነስ ደጋግሞ እየጠየቀ 3.6 ሚሊዮን ኢተር አወጣ። የፈንዱ ደንብ ራሱ የወጣው ገንዘብ ለሳምንታት እንዳይንቀሳቀስ ያግድ ስለነበር ብቻ የመመካከሪያ ጊዜ ተገኘ።

ቀጥሎ የሆነው በጎ ፈቃደኝነት እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ያሳያል። ራሳቸውን «ሮቢን ሁድ ቡድን» ያሉ ጥቂት ፕሮግራመሮች በዚያው ቀዳዳ ገብተው የቀረውን ገንዘብ ወደ ደህና ቦታ አሸሹ። የሾማቸው አልነበረም፤ ሕጋዊ ውክልናም አልነበራቸውም። የሺዎችን ንብረት ያተረፉት በራሳቸው ውሳኔ ነው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ይህን ያህል ገንዘብ በጥቂት ሰዎች ቅንነት ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ግን ሊያስፈራ ይገባል።

የተሰረቀውስ? አንዱ ወገን የመረቡ የግብይት መዝገብ ይታረምና ገንዘቡ ለባለቤቶቹ ይመለስ አለ። ሌላው ወገን ደግሞ የተጻፈው ኮድ ሕግ ነው፤ አንዴ ከነካነው ነገ መንግሥትም ባንክም አስተካክሉልን ይለናል ብሎ ተሟገተ። ድምፅ ተሰጠ፤ ሚዛኑ በሰው ቁጥር ሳይሆን በተያዘው ኢተር መጠን ነበር። 87 በመቶው ድምፅ ይመለስ አለ፤ ሆኖም በድምፁ የተሳተፈው ኢተር ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። በጁላይ 20 መዝገቡ ታረመ፣ ገንዘቡም ተመለሰ። እምቢ ያሉት አሮጌውን መዝገብ ይዘው ቀሩ፤ ኢቴሪየም ክላሲክ ተብሎ ዛሬም ይሠራል።

ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላ ፈተና ተከተለ። በኖቬምበር 2017 ፓሪቲ የተባለው ኩባንያ ባዘጋጀው የገንዘብ ቋት ላይ አንድ ተጠቃሚ በፈጠረው ስህተት ከ513 ሺህ በላይ ኢተር እንደተቆለፈ ቀረ። ፓሪቲን ከመሠረቱት አንዱ ጋቪን ውድ ነው፤ የኢቴሪየም መሥራች፣ የመረቡን የቴክኒክ ሰነድ የጻፈ ሰው። በኤፕሪል 2018 ገንዘቡ እንዲከፈት የማሻሻያ ሐሳብ ቁጥር 999 ቀረበ። ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ ተቃወመ፣ ሐሳቡም ወደቀ። የመሥራች ስም አላዳነውም።

ሁለቱ ጉዳዮች ለምን የተለያየ ፍርድ አገኙ? በ2016 የተጎዳው ብዙ ሰው ነበር፤ መረቡም ገና ልጅ ነበር። በ2018 የተጎዱት ጥቂቶች ነበሩ፣ ፕሮግራመሮቹም እንዲህ ያለ ፍርድ መስጠት መሯቸው ነበር። ከማሻሻያ ሐሳብ አርታኢዎች አንዱ የነበረው ዮይቺ ሂራይ የጠፋ ገንዘብን ስለማስመለስ የቀረበ ሐሳብ በሕግ ያስጠይቀኛል ብሎ ሰግቶ በፌብሩዋሪ 2018 ኃላፊነቱን ለቀቀ። ብዙ ተጎጂ ያለው ተሰማ፣ ጥቂት ተጎጂ ያለው አልተሰማም። ይህ የአሠራሩ ትልቁ ነውር ነው።

ሆኖም ገንዘብ ያለው ሁሉ ያሻውን ያስደርጋል ማለትም ስህተት ይሆናል። በኦገስት 2021 ከአገልግሎት ክፍያው ከፊሉ እንዲቃጠል (ለዘለዓለም እንዲወገድ) የሚያደርገው ለውጥ የጸደቀው፣ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ለማሽን ያወጡ ማይነሮች (በኮምፒውተር ኃይል ግብይቱን እያረጋገጡ አዲስ ኢተር የሚያገኙት) እየተቃወሙ ነው። በሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ደግሞ ኢቴሪየም ማይኒንግን ጭራሽ ተወው፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ከ99 በመቶ በላይ ቀነሰ። ለኢትዮጵያ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን ማይነሮች ኃይል ይሸጣል። የቢትኮይን ፕሮግራመሮችና ተጠቃሚዎች አንድ ቀን ኢቴሪየም የሄደበትን መንገድ ቢመርጡ ያ ገበያ ሊጠፋ ይችላል፤ አዲስ አበባን የሚያማክር ግን አይኖርም።

ሌላው ችግር ደመወዝ ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራመሮች ዛሬ ከፋውንዴሽኑ ወይም ከኩባንያዎች ይከፈላቸዋል። በ2022 የተቋቋመው ፕሮቶኮል ጊልድ ከ100 በላይ ለሚሆኑ ሠራተኞች መዋጮ ያከፋፍላል። በ2024 የፋውንዴሽኑ ሁለት ተመራማሪዎች በኢቴሪየም ላይ ከሚሠራ አንድ ፕሮጀክት በቶከን (በፕሮጀክቱ ዲጂታል ገንዘብ) የሚከፈል የአማካሪነት ሥራ መያዛቸው ሲታወቅ ቁጣ ተነሣ፤ ፋውንዴሽኑም የጥቅም ግጭት መመሪያ ለማውጣት ተገደደ። በጃንዋሪ 2025 ቡተሪን ራሱ የፋውንዴሽኑን አመራር የሚወስነው እሱ መሆኑን በአደባባይ ተናገረ። ግልጽነቱ የሚደነቅ ነው፤ ሥልጣን እንዳለም ያረጋግጣል።

በ2014 ከዙግ የወጣው ሆስኪንሰን ካርዳኖ የተባለ ሌላ የክሪፕቶ መረብ መሥርቶ የተለየ መንገድ ሞከረ። በ2021 ከኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር ጋር ለ5 ሚሊዮን ተማሪዎች ዲጂታል መታወቂያ ለመስጠት የተስማማው የእሱ ኩባንያ ነው። ካርዳኖ ባለይዞታዎች በተወካይ ድምፅ እንዲሰጡ ያደርጋል፤ በዲሴምበር 2024ም ሕገ መንግሥቱን ለማጽደቅ በቡዌኖስ አይረስና በናይሮቢ ጉባኤ ጠራ። የካርዳኖ ባለይዞታዎች ድምፅም ግን የሚመዘነው በያዙት ገንዘብ ልክ ነው።

እስካሁን ከታየው የኢቴሪየም መንገድ የተሻለ ነው፤ ስብሰባው ክፍት፣ ክርክሩ የተቀረጸ፣ እምቢ ያለም ወጥቶ የራሱን መቀጠል የሚችል በመሆኑ። የጎደለው ሰው ነው። ኢተር የገዛ የቶሮንቶም ሆነ የአዲስ አበባ ሰው ዋጋውን ብቻ እያየ አይቀመጥ፤ ሐሳቦቹን ያንብብ፣ የገባው ለሌላው በአማርኛ ያስረዳ፣ ኮምፒውተር የተማሩ ልጆቻችንም ይግቡበት። የፕሮግራመሮቹ ስብሰባ የሚካሄደው ሐሙስ ሐሙስ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር በቶሮንቶ በበጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ መከታተልም በነጻ ነው።