ፔሪሊፒን-1

ፔሪሊፒን-1 በሰውና በሌሎች አጥቢ እንስሳት የስብ ሕዋሳት ውስጥ የተከማቸውን ስብ ከውጭ ሸፍኖ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ዋና ሥራው ስቡ መቼ ተጠብቆ እንደሚቆይ፣ መቼ ደግሞ ተሰባብሮ ለሰውነት ጉልበት እንደሚሆን መቆጣጠር ነው። ለምርምር የሚያስፈልገው የሰው ፔሪሊፒን-1 በአብዛኛው የሚገኘው ከሰው አካል ተቀድቶ ሳይሆን የሰው ጂን ከገባባቸው ባክቴሪያዎች ወይም ሌሎች ሕዋሳት ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ፕሮቲን ሪኮምቢናንት ፕሮቲን ይባላል።

ስምና ግኝት

«ፔሪ» በግሪክኛ «ዙሪያ»፣ «ሊፖስ» ደግሞ «ስብ» ማለት ነው። ፕሮቲኑን በ1991 እ.ኤ.አ. ያስታወቁት በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠሩ የነበሩት ኮንስታንቲን ሎንዶስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቀደም ሲል በሕዋስ ውስጥ ያለው የስብ ጠብታ ብዙም ሥራ እንደሌለው ተራ ክምችት ይታይ ነበር። የፔሪሊፒን መገኘት ግን ጠብታው የራሱ ጠባቂ ያለው የሕዋስ ክፍል መሆኑን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ዘመዶቹ የሆኑ ፕሮቲኖች በተለያየ ስም ተገኙ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ስማቸው ተስተካክሎ ከፔሪሊፒን-1 እስከ ፔሪሊፒን-5 ተብለው ተሰየሙ። ፔሪሊፒን-2 ጉበትን ጨምሮ በብዙ ሕዋሳት፣ ፔሪሊፒን-5 ደግሞ እንደ ልብ ባሉ ስብን በብዛት በሚያቃጥሉ አካላት ይገኛል።

አወቃቀር

የሰው ፔሪሊፒን-1 ጂን በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ፕሮቲኑ 522 አሚኖ አሲዶች አሉት። ከፊሉ በ11 በ11 አሚኖ አሲድ እየተደጋገመ የሚሄድ ሲሆን፣ ይህ ክፍል አንድ ጎኑ ወደ ውሃ ሌላው ጎኑ ወደ ስብ የሚያደላ ጥምዝ ቅርጽ ይይዛል። ፕሮቲኑ በስቡና በሕዋሱ ፈሳሽ መካከል ተጣብቆ መቆየት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራር

ሰው በልቶ ሲጠግብ ፔሪሊፒን-1 ስብን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ወደ ጠብታው እንደልብ እንዳይደርሱ ይከላከላል። ኤቢኤችዲ5 የተባለውን ረዳት ፕሮቲንም ይዞ ያስቀራል። ሰው ሲጾም ወይም ለረጅም ሰዓት ሲሮጥ ግን የኢንሱሊን መጠን ይቀንሳል፤ እንደ አድሬናሊን ያሉ ሆርሞኖችም የስብ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳሉ። ያን ጊዜ ፕሮቲን ካይኔዝ-ኤ የተባለ ኢንዛይም በፔሪሊፒን-1 ላይ ፎስፌት ይጨምርበታል። ኤቢኤችዲ5 ይለቀቅና ኤቲጂኤል የተባለውን ስብ ሰባሪ ኢንዛይም ያነቃቃል፤ ሌሎች ኢንዛይሞችም ተከትለው ሥራውን ይፈጽማሉ። የሚወጡት የስብ አሲዶች በደም ተጉዘው ለጡንቻና ለልብ ነዳጅ ይሆናሉ።

ፕሮቲኑ ሲጎድል

ፔሪሊፒን-1 እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ቀጭን ይሆናሉ፤ ስብ የበዛበት ምግብ ቢሰጣቸውም በቀላሉ አይወፍሩም። ይህ ሲታይ ፕሮቲኑን ማጥፋት ለውፍረት መድኃኒት ሊመስል ይችላል። በሰው ላይ የታየው ግን ሌላ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በዚህ ጂን ላይ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ከፊል ሊፖዲስትሮፊ በሚባል ሕመም እንደሚያዙ ታወቀ። ከቆዳ ሥር ያለው ስባቸው ይሳሳል፤ ነገር ግን ጉበታቸው በስብ ይሞላል፣ የደም ቅባታቸው ይጨምራል፣ የስኳር በሽታም ይይዛቸዋል። ስብ በቦታው ካልተያዘ ሊቀመጥበት ወደማይገባ ቦታ ይሄዳል።

በላቦራቶሪ አመራረት

የሰው ፔሪሊፒን-1 ጂን ቅጂ ፕላስሚድ በተባለ ክብ ዲኤንኤ ውስጥ ይገባል። ፕላስሚዱ ብዙውን ጊዜ ኢ. ኮላይ ለተባለው ባክቴሪያ ይሰጣል፤ ባክቴሪያውም እየተባዛ የሰውን ፕሮቲን ይሠራል። በፕሮቲኑ ጫፍ ላይ የተደረደሩ የሂስቲዲን አሚኖ አሲዶች ይቀጠላሉ። ሂስቲዲን ከኒኬል ጋር ስለሚጣበቅ፣ የተፈጨው ባክቴሪያ ኒኬል ባለበት ማጣሪያ ሲያልፍ የተፈለገው ፕሮቲን ይቀራል፤ ሌላው ይታጠባል። በመጨረሻም ንጽሕናው በጄል ላይ ይመረመራል።

ፔሪሊፒን-1 ስብ ላይ ለመጣበቅ የተሠራ ስለሆነ ያለ ስብ በውሃ ውስጥ ማቆየቱ አስቸጋሪ ነው። በባክቴሪያው ውስጥ ተጓጉሎ ሲገኝ እንደ ዩሪያ ባሉ ኬሚካሎች ማሟሟትና ቀስ በቀስ ወደ ቅርጹ መመለስ ያስፈልጋል።

ጥቅምና ገደብ

የተጣራው ፕሮቲን ፀረ እንግዳ አካላትን ለመፈተሽ፣ በናሙና ውስጥ ያለውን የፔሪሊፒን መጠን ለማነጻጸርና ከየትኞቹ ፕሮቲኖች ጋር እንደሚጣበቅ ለማጥናት ያገለግላል። ከሰው ሠራሽ የስብ ጠብታ ጋር ተቀላቅሎም አሠራሩ ይጠናል።

ሆኖም በብልቃጥ ያለው ፕሮቲን በሕዋስ ውስጥ ካለው ጋር በሁሉም ነገር አንድ አይደለም። የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል የሰው ቢሆንም፣ ባክቴሪያ በሰው የስብ ሕዋስ ውስጥ የሚጨመረውን ፎስፌት በተመሳሳይ መንገድ አይጨምርም፤ ፕሮቲኑ የሚሸፍነው የስብ ጠብታም አብሮት የለም። ስለዚህ አንድ ሙከራ «ከኤቢኤችዲ5 ጋር አልተጣበቀም» የሚል ውጤት ቢሰጥ፣ ምክንያቱ የፕሮቲኑ ጠባይ ይሁን የስቡ አለመኖር መለየት ያሻል። በዚህም ምክንያት ተመራማሪዎች በብልቃጥ ያገኙትን ውጤት በሕያው ሕዋስ ደግመው ይፈትሹታል። ለምርምር ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ ፕሮቲን ለሕክምና አይውልም።