የቀረው የት ገባ? የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ በቆዳ ፋብሪካ

ኬሚስትሪን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ አንድን ኬሚካዊ አጸግብሮት በሰሌዳ ላይ ማመጣጠን ያውቃል። ከቀስቱ በስተግራ ያሉት አተሞች ቁጥር በስተቀኝ ካሉት ጋር እኩል ሲሆን ጥያቄው ተመለሰ ይባላል፤ ተማሪውም ሙሉ ነጥቡን ይዞ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሻገራል። በፋብሪካ ውስጥ ግን የተመጣጠነው እኩልታ የሥራው መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያው ነው። በሰሌዳው ላይ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጤት ይለወጣል የተባለው ጥሬ ዕቃ በተግባር ከፊሉ ብቻ ይለወጣል። የቀረው በውሃ ታጥቦ፣ በጭስ ተንኖ ወይም በዝቃጭ ውስጥ ተቋጥሮ ወደ አንድ ስፍራ መሄዱ አይቀርም።

በቤተ ሙከራ የሚሠራ ኬሚስት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ምን ተሠራ?» ብሎ ነው። በድኅረ ምረቃ ደረጃ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪን የሚያጠና ተማሪ ደግሞ በዚህ ጥያቄ ላይ አንድ ሌላ እንዲጨምር ይሠለጥናል፤ ይኸውም «የቀረው የት ገባ?» የሚለው ነው። የዚህች አጭር ጥያቄ ክብደት ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ለሀገራችን ቅርብ የሆነውን የቆዳ ኢንዱስትሪ በምሳሌነት ወስደን እንመልከት።

ከጀንዲ እስከ ክሮም

ከጥሬ ቆዳ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ውሃ ነው። ውሃው ሲወጣ ከሚተርፈው ደረቅ ክፍል ውስጥ አብዛኛው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ሲሆን ይህም ሦስት ሰንሰለቶች እንደ ጅራፍ ተገምደው የሠሩት ረጅም ሞለኪውል ነው። ጥሬ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ከቆየ በባክቴሪያ ይበሰብሳል፤ ከደረቀ ደግሞ እንደ ጣውላ ይገተራል። ቆዳ ማልፋት ማለት እነዚህ የኮላጅን ጭረቶች እንዳይበሰብሱም፣ ደርቀው እርስ በርስ እንዳይጣበቁም ማድረግ ነው።

ይህን ጥበብ የሀገራችን ቆዳ ሠሪዎች በዘይትና በቅቤ እያሹ፣ በዕፀዋት እየዘፈዘፉ፣ በእግር እየረገጡ ሲሠሩበት ኖረዋል። ጀንዲው፣ ስልቻውና የአገልግሉ ልባስ ምስክሮች ናቸው። ብራና ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ብራና ያልለፋ፣ ተወጥሮና ተፍቆ የደረቀ ቆዳ ብቻ ነውና። ስለዚህም ውሃ በነካው ጊዜ ወደ ጥሬነቱ መመለስ ይጀምራል።

በአውሮፓም ቆዳ ለረጅም ዘመናት የሚለፋው ከዛፍ ልጥ በሚገኝ ታኒን ነበር። ይህ ዘዴ ጥሩ ቆዳ ያስገኛል፤ ነገር ግን ወፍራም የከብት ቆዳ በጉድጓድ ውስጥ ለወራት ተዘፍዝፎ እንዲቆይ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1858 ፍሪድሪክ ክናፕ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት የክሮሚየም ጨዎች ቆዳን ሊያለፉ እንደሚችሉ ገለጸ። ይሁን እንጂ ግኝቱ ወደ ፋብሪካ የገባው ከ26 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1884 አውግስጦስ ሹልትዝ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ባስመዘገበበት ጊዜ ነበር። የሹልትዝ ዘዴ ቆዳውን አስቀድሞ በዳይክሮሜት ውስጥ መዝፈቅን የሚጠይቅ ነበር። ዳይክሮሜት ደግሞ ክሮሚየም ስድስት የሚባለውን መርዘኛ ዓይነት የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ማርቲን ዴኒስ በቀጥታ በክሮሚየም ሦስት የሚሠራበትን ባለ አንድ መዝፈቂያ ዘዴ አስመዘገበ። የወራቱ ሥራ ወደ አንድ ቀን ገደማ ዝቅ አለ። በዛሬው ዓለም ከሚመረተው ቆዳ አብዛኛው የሚለፋው በዚሁ መንገድ ነው።

በድራሙ ውስጥ ምን ይከናወናል?

ጨው ተነስንሶበት ወደ ፋብሪካ የመጣው ቆዳ በመጀመሪያ በውሃ ይዘፈዘፋል። ቀጥሎ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ጠጉሩ እንዲለቅ ይደረጋል፤ የተጣበቀበት ሥጋም ይፋቃል። ኖራው ከወጣና ቆዳው በኤንዛይም ከለሰለሰ በኋላ በትልቅ ተሽከርካሪ ድራም ውስጥ ከጨውና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር እየተንከባለለ ፒኤቹ ወደ 3 ገደማ ይወርዳል። ክሮሚየም ሰልፌቱ የሚጨመረው በዚህ ጊዜ ነው።

አሲዱ ለምን አስፈለገ? ክሮሚየም ከኮላጅን ጋር የሚጣመረው ካርቦክሲል በተባሉት የፕሮቲኑ ክፍሎች አማካይነት ነው። ፒኤቹ ዝቅተኛ ሲሆን እነዚህ ክፍሎች ሃይድሮጅን ተሸክመው ስለሚቆዩ ክሮሚየሙን ቶሎ አይዙትም፤ ስለዚህ ሳይያዝ ወደ ቆዳው ውስጥ ጠልቆ ለመግባት ፋታ ያገኛል። እስከ መካከል ከደረሰ በኋላ በሶዲየም ባይካርቦኔት ፒኤቹ ቀስ በቀስ ወደ 4 ከፍ ሲል ማጣመሩ ይጀመራል። ኦፕሬተሩ ቸኩሎ ባይካርቦኔቱን በአንድ ጊዜ ቢገለብጠው ክሮሚየሙ ላይኛውን ገጽ ብቻ ያለፋና መካከሉ ጥሬ ይቀራል።

የውጤቱ መፈተኛ ቀላል ነው። ጥሬ ኮላጅን በውሃ ውስጥ ሲሞቅ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይኮማተራል፤ በክሮም በሚገባ የለፋ ቆዳ ግን በፈላ ውሃ ውስጥ ቢነከርም ቅርጹን ይጠብቃል። ሰማያዊ መልክ ይዞ ከድራሙ የሚወጣው ይህ እርጥብ ቆዳ በነጋዴው አጠራር «ዌት ብሉ» ይባላል።

ሂሳቡን እንሥራ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንድ ፋብሪካ ጠጉሩና ሥጋው የተፋቀ 1,000 ኪሎ ግራም ቆዳ በ1,000 ሊትር ውሃ ውስጥ ያለፋል እንበል። የክሮሚየም ሰልፌቱ ዱቄት የቆዳውን ክብደት 8 በመቶ፣ ማለትም 80 ኪሎ ግራም ይሁን። ዱቄቱ 25 በመቶ ክሮሚየም ኦክሳይድ ከያዘ በድራሙ ውስጥ የገባው ኦክሳይድ 20 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ ውስጥ ክሮሚየሙ ለብቻው በአተማዊ ክብደት ሲሰላ 13.7 ኪሎ ግራም ይሆናል።

በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚወስደው ከክሮሚየሙ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ነው። የተሻለውን ቁጥር ወስደን 70 በመቶ ብንል 9.6 ኪሎ ግራሙ በቆዳው ውስጥ ይቀራል። የቀረው 4.1 ኪሎ ግራምስ? ድራሙ በሚደፋበት ጊዜ በእያንዳንዱ ሊትር ውሃ ውስጥ 4 ግራም ያህል ሆኖ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ፋብሪካው በቀን 5 ቶን ቆዳ፣ በዓመት 300 ቀናት ቢሠራ ከ6 ቶን በላይ ክሮሚየም በውሃ ሄደ ማለት ነው።

ይህ ስሌት ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ሂሳብ አይጠይቅም። ሙያው ያለው ሂሳቡን ለመሥራት በማሰቡና ቁጥሮቹን ከእውነተኛው ድራም ለክቶ በማግኘቱ ላይ ነው። በእጅ የገባውን፣ በምርት የወጣውንና በፍሳሽ የሄደውን መዝግቦ ድምሩን ማስታረቅ የቁስ ሚዛን ይባላል። ድምሩ ካልታረቀ ወይ ልኬቱ ተሳስቷል፣ ወይም ያልታወቀ ማምለጫ አለ።

የጠፋውን መመለስ

ከድራሙ የወጣው ፈሳሽ ከሌላው ፍሳሽ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ከተጠራቀመ ክሮሚየሙን መልሶ ማግኘት ይቻላል። ፈሳሹ በወንፊት ከጭራሮውና ከስቡ ከተጣራ በኋላ አልካሊ ሲጨመርበት ክሮሚየሙ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል። ይህ ዝቃጭ በሰልፈሪክ አሲድ ሲሟሟ ተመልሶ ቆዳ የሚያለፋ ክሮሚየም ሰልፌት ይሆናል። በምሳሌያችን ለጠፋው 4.1 ኪሎ ግራም ክሮሚየም የሚያስፈልገው አሲድ በስሌት 7.7 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው።

ተማሪ «የትኛውም አልካሊ ይሆናል» ሊል ይችላል፤ በሰሌዳ ላይ ልክ ነው። በፋብሪካ ግን ኮስቲክ ሶዳ የሚሰጠው ዝቃጭ ውሃ ያዘለና እንደ ጥጥ የሳሳ በመሆኑ ለመርጋትም ሆነ ለመጣራት ያስቸግራል። ከዚህም በላይ መጠኑ ጥቂት ቢያልፍ ፒኤቹ ወደ ላይ ይዘልና የዘቀጠው ክሮሚየም ተመልሶ ይሟሟል፤ ክሮሚየም ሃይድሮክሳይድ ከአሲድም ከጠንካራ አልካሊም ጋር የሚጣመር ነውና። ማግኒዚየም ኦክሳይድ በአንጻሩ በውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ፒኤቹን በድንገት አያዘልለውም፤ ዝቃጩም ጠጣርና ቶሎ የሚረጋ ነው። ዋጋው ቢበልጥም ብዙ ፋብሪካዎች የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የአልካሊው ምርጫ የተወሰነው በእኩልታው ሳይሆን ዝቃጩ በሚረጋበት ፍጥነት ነው።

ከብርጭቆ ወደ ድራም

በቤተ ሙከራ የተሳካ ሥራ በፋብሪካ ለምን ይሰናከላል? አንዱ ምክንያት ጂኦሜትሪ ነው። የአንድ ዕቃ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በ10 እጥፍ ቢያድግ ይዘቱ በ1,000 እጥፍ ያድጋል፤ ሙቀት የሚወጣበት ገጹ ግን በ100 እጥፍ ብቻ ነው። በትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ሰልፈሪክ አሲድ በውሃ ሲቀጥን የሚፈጠረው ሙቀት በቀላሉ ይወጣል፤ በትልቅ ጋን ውስጥ ግን ሙቀቱ ታፍኖ ይከማቻል።

ሌላው ምክንያት በቤተ ሙከራ ተለያይተው የሚኖሩ ነገሮች በፋብሪካ መገናኘታቸው ነው። ጠጉር በሚለቀቅበት ክፍል ሰልፋይድ፣ በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ አሲድ እንዳለ አይተናል። ሁለቱ ፍሳሾች በአንድ ቦይ ቢገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው ገዳይ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሠራተኛው ሽታው የጠፋ መስሎት ሊዘናጋ ይችላል። የፍሳሽ ቦዮችን ለያይቶ መሥራት የግንበኛ ጉዳይ ቢመስልም ውሳኔው የኬሚስት ነው።

በድኅረ ምረቃ የሚሰጠው ትምህርት በእነዚህ ጉዳዮች ላይ የቆመ ነው። የአጸግብሮት ፍጥነት፣ የሙቀትና የቁስ ዝውውር፣ ማጣራትና ማትነን፣ የጥራት ቁጥጥር፣ የማምረቻ ወጪ ስሌት፣ የሥራ ደኅንነትና የፍሳሽ አያያዝ ይገኙበታል። በሀገራችን አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪን ራሱን በቻለ የትምህርት ክፍል ከሚያስተምሩት አንዱ ነው። የዚህ ዘርፍ መልካም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ ከዝቃጩ የተመለሰው ክሮሚየም ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ስንት ጊዜ ቢደጋገም የቆዳው መልክ ሳይበላሽ ይቆያል? ቆዳው ከ70 ይልቅ 90 በመቶ እንዲወስድ ሙቀቱ፣ ጊዜውና የውሃው መጠን እንዴት ይስተካከል? እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከመጻሕፍት ክፍል ብቻ ሳይሆን ከድራሙ አጠገብ ቆሞ ናሙና በመውሰድ ነው።

ሂሳቡ የሚወራረድበት ስፍራ

የደጋ በጎቻችን ሌጦ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። የሞጆ ከተማም በቆዳ ፋብሪካዎቿ ትታወቃለች። የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ የውሃ ማጠራቀሚያ ይፈስሳል፤ ውሃውም ለመስኖ፣ ለከብትና ለዓሣ የሚፈለግ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይደነግጋል። ነገር ግን አዋጅ ክሮሚየምን አያዘቅጥም፤ የሚያዘቅጠው ዘዴውን የሚያውቅና በየቀኑ የሚለካ ሰው ነው።

ጉዳዩ በወንዙ ዳር ብቻ አያበቃም። በቆዳው ውስጥ ያለው ክሮሚየም ሦስት በሙቀት፣ በብርሃንና ቆዳውን ለማለስለስ በሚጨመሩ አንዳንድ ቅባቶች መበላሸት ምክንያት በጥቂቱ ወደ ክሮሚየም ስድስት ሊለወጥ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት ወር 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሰውነት ቆዳ ጋር በሚገናኝ የቆዳ ዕቃ ውስጥ ክሮሚየም ስድስት በኪሎ ግራም 3 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ ዕቃው ለገበያ እንዳይቀርብ ከልክሏል። ስለዚህ ቅባቱን የሚመርጠውና ከመላኩ በፊት የሚመረምረው ኬሚስት የአንድን ጭነት ዕጣ ይወስናል።

እንግዲህ በውሃ የሚሄደው ክሮሚየም ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል፤ አንድ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ሲገዛ፣ ሌላ ጊዜ ከወንዙ በታች በሚኖረው ገበሬ ማሳ ላይ። የመጀመሪያው በፋብሪካው መዝገብ ይጻፋል፤ ሁለተኛውን ግን ማንም አይጽፈውም። የቁስ ሚዛን ጥቅሙ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ ማስፈሩ ነው።

በመሆኑም ኬሚስትሪን የምትማሩ ወጣቶች በሚቀጥለው ጊዜ አንድን እኩልታ ባመጣጠናችሁ ቁጥር ከቀስቱ በስተቀኝ ላይ አንድ መሥመር ጨምሩ። በዚያ መሥመር ላይ ያልተለወጠውን ጥሬ ዕቃ፣ የታጠበበትን ውሃና የተረፈውን ዝቃጭ ጻፉ። ከዚያም እያንዳንዱ በማን ደጃፍ እንደሚያልፍ ጠይቁ።